ራዲያተሩ ካምቢዮውን ሳይበላ፦ አውቶማቲክ መኪና ለሚነዱ የጅማ ሰዎች ዝርዝር መመሪያ

ማንዋል መኪና ራዲያተሯ ሲያፈስ ታስታውቃለች። ከሥር ታንጠባጥባለች፣ ጌጁ ይወጣል፣ በኮፈኑ ጥግ እንፋሎት ይታያል፤ ውሃ እየጨመሩ ጋራዥ ድረስ ይሄዱባታል። አውቶማቲክ መኪና ግን ከዚህ ሌላ የማይታይ ፍሳሽ አላት። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ፣ ጌጁም ንቅንቅ ሳይል፣ ካምቢዮውን (ማርሽ የሚቀያይረውን ክፍል) ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪናዎች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚያው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። ከታች ወይም ከጎን ባለው የፕላስቲክ ታንክ ውስጥ፣ ዙሪያዋን በኩላንት (ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ተከባ፣ አንዲት የብረት ማቀዝቀዣ ተጋድማለች። ዘይቱ በአንዱ ቱቦ ይገባል፣ ሙቀቱን ለኩላንቱ ይሰጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ሁለቱን ፈሳሾች የሚለያቸው የዚያች ማቀዝቀዣ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ዝገት ሲበላት ወይም ከታንኩ ጋር የታሰረችበት ቦታ ሲላላ ይገናኛሉ።

ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ኩላንት ይገፋል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወርዳል፤ ራዲያተሩ ግን ገና ትኩስ ስለሆነ ግፊቱን እንደያዘ ይቆያል። አሁን ደግሞ ኩላንቱ ወደ ካምቢዮ ይገባል። ማለትም ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ግቢ አቁማችሁ ቡና ስትጠጡ ነው ዋናው ጥፋት የሚፈጸመው። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች (እየተጣበቁና እየተላቀቁ ማርሽ የሚቀይሩት ሳህኖች) ወረቀት መሰል ሽፋናቸው በሙጫ የተለጠፈ ነው። ውሃና ግላይኮል (ኩላንት ውስጥ ያለው ኬሚካል) ሲነካው ሸራው ያብጣል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ኩሽኔታውና ቫልቩ ይዝጋል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩት ኒሳን ፓዝፋይንደሮች በዚህ ጣጣ ስማቸው በዓለም ዙሪያ የተነሳ ነው። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቶዮታ ፎርራነርም ባለቤቶቹን በዚሁ አስለቅሷል። ስለዚህ «ቶዮታ ነው፣ ምንም አይለውም» የሚለውን ተዉት።

የኔ አቋም አጭር ነው፦ አውቶማቲክ መኪና ላይ ራዲያተር በዕድሜው ይቀየራል እንጂ እስኪያፈስ አይጠበቅም። አሥር ዓመት ካለፈውና መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጊዜው ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ጠብቆ መያዝ ግዴታ ሆኗል።

መጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፊት በኩል አጎንብሳችሁ የራዲያተሩን ታች እዩ። ከትልልቆቹ የኩላንት ጎማዎች ሌላ ጣት የሚያክሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከካምቢዮው ተነስተው ራዲያተሩ ውስጥ የሚገቡ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ማንዋል ከሆነች ግን እነዚህ ቱቦዎች የሉም። አንዳንድ አውቶማቲክና ሲቪቲ (በጥርስ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ያላቸው) መኪናዎች ደግሞ ማቀዝቀዣቸው ካምቢዮው ላይ ራሱ ተለጥፎ ኩላንት ወደዚያ ይሄዳል። እነሱ ላይ ራዲያተር መቀየር ይህን አደጋ አያስቀርም፤ መፈተሽ ያለበት ያ ማቀዝቀዣ ነው።

ቀጥሎ የእርጅና ምልክት። አዲስ ሲሆን ጥቁር የነበረው የላይኛው ፕላስቲክ ታንክ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይራ ቀለም ከተለወጠ ፕላስቲኩ ደርቋል። ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ በተጣጠፉበት መስመር ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ እየላበ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ (ሞተሩ ቀዝቅዞ ብቻ!) አፉ ላይ ጣታችሁን አዙሩ፤ ዝልግልግ ቅባት ከያዘ ወይም የኩላንት መጠባበቂያው ፕላስቲክ ዕቃ ላይ ሮዝ አረፋ ከታየ ጉዳዩ ከእርጅና አልፏል። ቅባቱ ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ሊሆን ስለሚችል የቴስታታ ጓርኒሲዮንም (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይታይ።

ከዚያ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ጤነኛ ዘይት ቀይ ወይም በአገልግሎት የጠቆረ ቀይ ሆኖ ብርሃን ያስተላልፋል። ውሃ የገባበት ግን ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ነው። ጥርጣሬ ውስጥ ከገባችሁ አንድ ፈተና አለ። የድሮ ቆርቆሮ ክዳን ከሰል ላይ አግሉና ከመኪናው ራቅ ብላችሁ አንዲት የዘይት ጠብታ ጣሉበት። ንጹህ ዘይት ዝም ብሎ ይጨሳል። ውሃ ያለበት ይንጣጣል። የቡና መቁያውን ምጣድ ግን ለዚህ አትንኩት፤ ሽታው አይለቅም፣ ቤት ውስጥም ሌላ ጠብ ያስነሳል።

ዘይቱ ንጹህ ከሆነ በጊዜው ደርሳችኋል፤ ቀጥሉ። ሮዝ ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ።

ዕቃ መግዛት

ያገለገለ ራዲያተር አትግዙ። ሶማሌ ተራ ላይ ከፈረሰች መኪና የወጣ «ኦሪጅናል» ሲሰጧችሁ ዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለችው ማቀዝቀዣ እናንተ ልትጥሏት ካሰባችኋት ጋር እኩያ ናት። ሞተር ለማቀዝቀዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቃወምኩ።

ሱቅ ስትሄዱ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞዴል ኮዱን ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። «የዚህ ዓመት ኮሮላ» ማለት አይበቃም። ያው መኪና ለማንዋልና ለአውቶማቲክ የተለያየ ራዲያተር ስላለው ዘይት መግቢያና መውጫ ሁለቱ አፎች መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ጅማ ውስጥ ካጣችሁና ከአዲስ አበባ የምታስልኩ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ዕቃውን ከሜትር ጋር አንስቶ ይላክላችሁ፦ ቁመት፣ ስፋት፣ ውፍረት፣ የጎማዎቹ አፍ፣ የፋኑ መያዣ ቀዳዳዎች። አውቶቡስ ላይ ሲጫን በካርቶን ብቻ ከመጣ ሽንሽኑ (ሙቀት የሚያስወጡት ስስ የብረት ቅጠሎች) ተጨፍልቆ ይደርሳል፤ ሁለቱም ፊት ላይ ኮምፔንሳቶ ይታሰርበት በሉ። ዴንሶና ኮዮ የታወቁ የጃፓን ስሞች ናቸው። ታዋቂ ስም ስለሚኮረጅ ግን ማሸጊያውን አምናችሁ አትቀመጡ፤ ዕቃውን ፈትኑት።

ፈተናው ጎሚስታ ቤት ነው። ጎሚስታው ኮምፕረሰርም፣ ከመነዳሪ የሚፈተሽበት ገንዳም አለው። ከዘይት አፎቹ አንዱን በንጹህ ጎማና ቡሎን ድፈኑ፣ በሌላው አየር አስገቡ፤ ከ2 ባር ወይም ከ30 ፒኤስአይ አይለፍ፣ የጎሚስታው ሙሉ ግፊት ደህናውንም ይሰብረዋል። ታንኩን በውሃ ሙሉትና የራዲያተሩን አፍ ተመልከቱ። ለጥቂት ደቂቃ አንዲት አረፋ ካልወጣች ማቀዝቀዣዋ ድፍን ናት። ሻጩ «አዲስ ዕቃ ይፈተናል እንዴ?» ሊል ይችላል። ይፈተናል። ከገዛችሁ በኋላ ግን ዘይት ሳይነካው ነው መፈተን ያለባችሁ፤ ዘይት የነካው ዕቃ አይመለስም።

አብሮ የሚገዛ፦ አዲስ ክዳን (አሮጌው ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር አለ፣ ያንኑ)፣ የላይና የታች ጎማ፣ ፋሼታዎች (ጎማ ማሰሪያ ቀለበቶች)፣ ለዘይት የተሠራ አጭር ጎማ ሜትር ያህል፣ ከ6 እስከ 7 ሊትር ኩላንት፣ አንድ ወይም ሁለት ሊትር የካምቢዮ ዘይት። ትልቅ መኪና ከሆነ ኩላንቱ ይጨምራል። የዘይቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ መለኪያ ዘንጉ ላይ ተጽፏል። ቶዮታ ከሆነ የድሮዎቹ ቲ-ፎር፣ የኋለኞቹ ደብሊው ኤስ ይላሉ፤ ሲቪቲ ከሆነ የራሱ የሲቪቲ ዘይት አለው። «ሁሉም ቀይ ነው፣ አንድ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የኩላንት ጎማ ለዘይት አይሆንም፣ በዘይት ይቀልጣል።

ስለ ክዳኑ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ይንቀዋል። ጅማ ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር በመደበኛ ሥራው ወደዚያ ይጠጋል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጤነኛ 1.1 ክዳን መፍያውን ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ባለበት አዲስ ራዲያተር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። «እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» ለሚሉም መልሱ ያው ነው፦ ኩላንት መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዝገት ይከላከላል። ያቺን ስስ ግድግዳ የሚበላት የቧንቧ ውሃ ነው። ጥቅጥቅ ያለ (ውሃ ያልተቀላቀለበት) ኩላንት ከገዛችሁ የምትቀላቅሉት በተጣራ የባትሪ ውሃ ይሁን፤ ሻጩ አሲድ እንዳይሰጣችሁ ጠርሙሱን አንብቡ።

አሮጌውን ማውጣት

መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቁም፣ ሌሊቱን ትደር። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማ ላይ ታኮ አድርጉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በድንገት ተነስቶ ጣት ይቆርጣል።

ሰፊ ሳፋ ከሥር አድርጉና የታችኛውን ማፍሰሻ በእጅ ፍቱ። ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ አትታገሉት። ክዳኑን ስትከፍቱ ፈጥኖ ይወርዳል። የወጣውን ኩላንት ወደ ጀሪካን ገልብጡና ክደኑት። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ዶሮም ይልሰዋል፣ ይገድላልም። ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ውስጥ መድፋት አይታሰብም።

ኩላንቱ ሲወርድ ቀለሙን ተመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሩ ውስጡ መታጠብ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የላይኛውንና የታችኛውን ጎማ አውጡ። የተጣበቀ ጎማ በካቻቢቴ አይፈነቀልም፤ ጨብጣችሁ ግራና ቀኝ ጠምዝዙት፣ እምቢ ካለ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቁት፣ ለነገሩ አዲስ ገዝታችኋል። የፋኑን ሶኬት ንቀሉ፣ የመያዣውን ቡሎኖች ፈትታችሁ ፋኑን ከነመያዣው ወደ ላይ አውጡት።

አሁን የዘይት ቱቦዎቹ። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ በቀለም ወይም በክር ምልክት አድርጉ፣ ፎቶም አንሱ። በጎማና በፋሼታ የታሰሩ ከሆነ ቀላል ነው። በዳዶ የታሰሩ የብረት ቱቦዎች ከሆኑ ግን ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል፦ አንዱ የራዲያተሩን አፍ ጸጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ይፈታል። በአንድ መፍቻ ብቻ ስትጎትቱ ከውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣ አብራ ትዞራለች። አሮጌው ላይ ግድ የለም ትሉ ይሆናል፤ ቱቦው ግን ተጠምዝዞ ይሰነጠቃል፣ እሱ ደግሞ አልተገዛም። እንደወጡ ጫፋቸውን በንጹህ ላስቲክና ቡሎን ድፈኑ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካምቢዮ ውስጥ ቫልቭ ትይዛለች። የፈሰሰውን ዘይት በተለየ ንጹህ ዕቃ ሰብስቡ፣ መጠኑ በኋላ ይፈለጋል።

ኤሲ ካላት ከራዲያተሩ ፊት ኮንደንሰሩ (የኤሲው ጋዝ የሚቀዘቅዝበት) አለ። የጋዝ ቱቦዎቹን አትፍቱ። ከራዲያተሩ ጋር የያዙትን ቡሎኖች ብቻ ለቃችሁ ኮንደንሰሩን በሲባጎ ከፊት ብረቱ ጋር እሰሩት። የላይኞቹን መያዣዎች ፈትታችሁ ራዲያተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ከሥሩ ሁለት የጎማ ጫማዎች አሉ፤ አብረው ከወጡ ወደ ቦታቸው መልሷቸው፣ ከጠፉ ራዲያተሩ በንዝረት ይሰነጠቃል።

ቦታው ባዶ ሳለ ኮንደንሰሩን እጠቡት። ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ የከረመች የጅማ መኪና እዚያ መሃል የምትሰበስበው ነገር ያስገርማል። ሽንሽኑ ውስጥ የተጋገረው ጭቃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በሚሄድ ለስላሳ ውሃ ይለቃል። የላቫጆው ከፍተኛ ግፊት ግን ሽንሽኑን ያስተኛዋል። ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ኩላንቱን የሚያሳልፈው ቫልቭ) አሮጌ ከሆነ አሁን ይቀየር፤ ዋተር ፓምፑም ሥር የደረቀ የኩላንት ዱካ ካለ ተራው ደርሷል።

አዲሱን ማስገባት

የራዲያተሩን ሁለት ፊት በካርቶን ሸፍናችሁ አውርዱት፣ የታችኞቹ እግሮች የጎማ ጫማው ውስጥ መቀመጣቸውን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። የላይ መያዣዎቹን ገና አታጥብቁ። መጀመሪያ የዘይት ቱቦዎቹን በጣት ብቻ አስጀምሩ። ዳዶው በጣት ሁለት ሦስት ዙር ያለ ትግል መግባት አለበት፤ ካልገባ ጥርሱ ተዛንፏል፣ አውጥታችሁ እንደገና። በመፍቻ ማስገደድ አዲሱን ራዲያተር በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል። ማጥበቁም በሁለት መፍቻ ነው።

ጎማ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፣ ፋሼታው ደግሞ ከአፉ ጉብታ ወዲያ ይታሰር እንጂ ጉብታው ላይ አይቀመጥ። ከዚያ የኩላንት ጎማዎቹ፣ ፋኑ፣ ሶኬቱ፣ ኮንደንሰሩ። መያዣዎቹን በመጨረሻ አጥብቁ። የፋኑን ምላጭ በእጅ አዙራችሁ የሚነካው ነገር እንደሌለ እዩ፣ ከዚያ ባትሪውን መልሱ።

ራሳችሁ የማትሠሩት ከሆነም ከመካኒኩ አጠገብ ቁሙና ዓይናችሁን ሁለት ቦታ ላይ ጣሉ፦ ዳዶው በጣት ሲጀመር፣ የተፈቱት ቱቦዎች ሲደፈኑ። ሌላው ለእሱ ይተው።

ኩላንት ሙሉ፣ አየር አስወጡ

ማፍሰሻው መዘጋቱን እንደገና እዩና ኩላንቱን ቀስ ብላችሁ አፍሱ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ያለች መኪና አየሯን ቶሎ ትለቃለች፤ ግቢያችሁ ወይም ሰፈራችሁ ትንሽ ዳገት ካለው ተጠቀሙበት። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉ። ክዳኑ ክፍት እያለ ሞተሩን አስነሱ፣ የላይኛውን ጎማ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ አረፋው እስኪቆም ጨምሩ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው ጎማ በድንገት ይሞቃል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ሙሉና ክዳኑን ወዲያው ዝጉ። በዚህ ከፍታ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ብዙ ከቆየ ስለሚፈላ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል። ከዚያ ፋኑ ሁለቴ ተነስቶ እስኪቆም ጠብቁ፤ ሂተሩ የማያቋርጥ ሙቅ አየር ከሰጠ አየሩ ወጥቷል።

የካምቢዮ ዘይት

የሰበሰባችሁትን አሮጌ ዘይት ለኩና ያንኑ ያህል አዲስ ጨምሩ። ደልዳላ ቦታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ ሆኖ ማርሹን ከፒ እስከ መጨረሻው እየቆያችሁ አመላልሱትና ወደ ፒ መልሱት። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ዘይቱ የሚለካው እንዲህ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ዘንጉ ላይ የሙቅና የቀዝቃዛ ምልክት ለየብቻ አለ። መለኪያ ዘንግ የሌላት ከሆነች የለካችሁትን ያህል መልሳችሁ ከዚያ የሙቀት መጠኑን በኮምፒውተር የሚያነብ ጋራዥ ያረጋግጥላችሁ። ትርፍ ዘይትም እንደ ጎደሎው ይጎዳል፣ አረፋ ይሠራል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከተማ ውስጥ ይሁን። ተመልሳችሁ ከሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፉ፤ ቀይ ጠብታ ካለ ዘይት፣ ሌላ ቀለም ካለ ኩላንት ነው። ሁለተኛው ሙከራ ወደ ጅሬን ዳገቱን፣ ሦስተኛው አጋሮ ደርሶ መልስ። ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛው የመጠባበቂያውን ደረጃ እዩ፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መውረዱ የቀረው አየር ሲወጣ ነው። ይህ ሁሉ ሳይሆን ወደ ጊቤ አትውረዱ። ድልድዩ ያለው 1100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በሙቀቱ ውስጥ ረጅም ዳገት መውጣት ነው፣ የላላች ፋሼታ የምትታወቀውም እዚያ ነው።

ዘይቱ ቀድሞ ሮዝ ከሆነ

መኪናዋ በራሷ ጉልበት ከዚህ በኋላ አንድ ሜትር አትሂድ። በገመድም አትጎትቷት፤ አውቶማቲክ መኪና የሚነዳው ጎማዋ መሬት ላይ እየዞረ ስትጎተት ካምቢዮው ያለ ዘይት ዝውውር ይሽከረከራል። በጭነት መኪና ላይ ትጫን።

ራዲያተሩ ሳይቀየር ዘይት መቀየር ትርጉም የለውም። ከተቀየረ በኋላም አንድ ጊዜ ማፍሰስ አይበቃም፣ ምክንያቱም ከዘይቱ ከግማሽ የሚበልጠው ኮንቨርተሩና (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ዘይት የሞላው ክፍል) ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ሳልቫቴው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ ፊልትሩ ይለወጣል፣ ዘይቱ ጥርት ያለ ቀይ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት አራት ጊዜ ይቀየራል፤ የቆርቆሮ ክዳኑ ፈተና እዚህም ያገለግላል። ኩላንቱ በኩል ያለውም ቅባት በሳሙና ይታጠባል፣ ያበጡት ጎማዎች ይጣላሉ። ኩላንቱ ገብቶ ወዲያው ከተደረሰበት ካምቢዮው የመትረፍ ዕድል አለው። ማርሽ ሲቀይር የሚንገጫገጭ ወይም በቋሚ ፍጥነት የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ግን ሸራው ለቋል፣ በዘይት ላይ ዘይት እየደፋችሁ ገንዘብ አትጨርሱ፤ ይፈታ።

ጥሩ ራዲያተር ጨርሶ ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ፦ የዘይት ቱቦዎቹን ከራዲያተሩ አላቅቆ ከኮንደንሰሩ ፊት ለብቻው በነፋስ የሚቀዘቅዝ የዘይት ማቀዝቀዣ መግጠም። ሁለቱ ፈሳሾች ከዚያ ወዲያ አይገናኙም። ብርድ አገር ዘይቱ ቶሎ አይሞቅም ተብሎ ይተቻል፣ ለጅማ አየር ግን ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው መጠኑ ነው፤ ለሞተር ሳይክል የተሠራች ትንሽ ማቀዝቀዣ የጊቤን ዳገት አትችልም።

አሮጌው ራዲያተር አሉሚኒየም ስለሆነ ቁራሌው በኪሎ ይገዛችኋል። ከመስጠታችሁ በፊት ግን የዘይት አፎቹን በመዶሻ ጨፍልቁ፣ ታንኩንም በድሪል ብሱት፤ አለበለዚያ ታጥቦና ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ሰው «ኦሪጅናል» ተብሎ ይሸጣል።